ቫይረሱ ነው የዋሸው

ሰው ሲዋሽ በቀላሉ ይታወቃል የሚሉ አሉ። ዓይኑ ይንከራተታል፣ ምራቁን ቶሎ ቶሎ ይውጣል፣ አፍንጫውን ይነካካል ይላሉ። እኔ ግን እንጀራዬ ሆኖ ቀኑን ሙሉ በሁለት ሰዎች አፍና ጆሮ መካከል ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውሸታምን መለየት ከባድ አይደለም። ከባዱ እውነት የሚናገረውን መለየት ነው። እውነት የሚናገር ሰው ምልክት የለውም። ዝም ብሎ ይናገራል፤ እናንተም ዝም ብላችሁ ትጠራጠሩታላችሁ፤ እሱም ዝም ብሎ ይቀየማችኋል።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። ጥሩ ብለዋል። እኔን የምትቸግረኝ ይህቺ «እያደር» የምትባለው ቃል ናት። እስኪጠራ ድረስ እውነቱን የያዘው ሰው የት ይቀመጣል? ጎረቤቱን በምን ፊቱ ሰላም ይላል? ሚስቱስ እስከዚያ ምን ዓይነት ፊት ታሳየዋለች? ተረቱ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

የምንኖርባት ከተማ ራሷ ደግሞ ለቃል አትቸኩልም። ቤር ሼቫ ማለት መጽሐፉ ቤርሳቤህ የሚላት ናት። አባታችን አብርሃም እዚህ ጉድጓድ ቆፈረ፤ የአቢሜሌክ ሎሌዎች ነጠቁት፤ «የቆፈርኩት እኔ ነኝ» ለማለት ቃሉ ብቻውን እንደማይበቃ ገባውና ሰባት ቄብ በጎች ምስክር አድርጎ ጨመረበት። አስቡት እንግዲህ። አብርሃም ነው። ከእግዚአብሔር ጋር አፍ ለአፍ የሚነጋገር ሰው ነው። እኛ ትናንት ከጎንደር የመጣነው ቃላችን ብቻውን ባይበቃ ምን ይገርማል? በግም የለን።

ሥራዬን አልነገርኳችሁም። ጎንደር አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ በአንድ የሕክምና ጣቢያ ውስጥ በዕብራይስጥ «መጋሼር» የሚባል ሥራ እሠራለሁ። ድልድይ የሚያደርግ ማለት ነው። ሐኪሟ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እኔ በአማርኛ አሻግራለሁ፤ በሽተኛው በአማርኛ ይመልሳል፣ እኔ በዕብራይስጥ እመልሳለሁ። ሲቀጥሩኝ ድልድይ መባሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ድልድይ የሚረገጥ ነገር መሆኑ ትዝ ያለኝ ከገባሁበት በኋላ ነው።

እና አባባ ፈንታሁን።

አባባ ፈንታሁን ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ ልብስ ከየመስኮቱ በተሰጣበት ረጅም ፎቅ ውስጥ ከባለቤታቸው ከእማማ ጠጄና ወታደር ከሆነው ልጃቸው ከደሳለኝ ጋር ይኖራሉ። በአገራቸው ሽማግሌ ነበሩ። በዕድሜ ብቻ አላልኩም፤ በሥራም ነው። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የደም ነገር ሳይቀር ይይዙ ነበር። እሳቸው «አይቻለሁ» ካሉ ታይቷል፤ «ሰምቻለሁ» ካሉ ተሰምቷል። እዚህ የከተማውን መናፈሻ ይንከባከባሉ። ሣር በጎማ ቱቦ ውኃ እየጠባ በሚያድግበት በረሃ ውስጥ ሣር ማጨድ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ባይገባቸውም ያጭዱታል።

ገና እንደመጡ ሁላችንም ላይ በሚደረገው ምርመራ ጉበታቸው ውስጥ ቫይረስ ተገኘ። እኛ «የወፍ በሽታ» የምንለው ዓይነት፣ ዓይንን ብጫ የሚያደርገው። አባባ ፈንታሁን አንድ ቀን እኔ ሳልኖር ለነርሷ በራሳቸው ዕብራይስጥ ሊያስረዱ ፈልገው ቃል በቃል «የወፍ በሽታ አለብኝ» አሏት። ያን ሰሞን ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ ወፍ ጉንፋን ነበር። እኔ ስደርስ ነርሷ አፏንና አፍንጫዋን ሸፍና በሩ ላይ ቆማለች፤ አባባ ፈንታሁን ለብቻቸው ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው «ይህ አገር በሽተኛ እንዴት ያከብራል» እያሉ ይደነቃሉ።

ለቫይረሱ በየቀኑ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን ታዘዘችላቸው። ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ክኒኗን ውጠው፣ ወደ ሣራቸው ይሄዳሉ። ደማቸው በተመረመረ ቁጥር ቫይረሱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሐኪሟ ዶክተር ኢሪና ደስ አላት፣ እማማ ጠጄ ደስ አላቸው፣ ዓይናቸውም ነጣ። ይህ ለዓመት ከምናምን ቆየ። ከዚያ ቫይረሱ ተመልሶ መጣ።

ዶክተር ኢሪናን እንዳትጠሏት አስቀድሜ ልናገርላት። ከሩሲያ የመጣች፣ ራሷም ዕብራይስጡን በትልቅነቷ የተማረች፣ ኑሮዋ ዖሜር በሚባለው የደላቸው ሰዎች መንደር ቢሆንም ከሁላችንም ቀድማ ገብታ ከሁላችንም ኋላ የምትወጣ ሴት ናት። ግን ክኒን መዋጥ ያቆመ በሽተኛ ብዙ አይታለች። ስለዚህ ጠየቀች፤ ክኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ ወይ? አሻገርኩ። እወስዳለሁ አሉ። በየቀኑ? በየቀኑ። ምናልባት በጾም ቀን ይተዉት ይሆን? በጾምም እወስዳለሁ፣ ረቢውን ጠይቄአለሁ አሉ። ለጎረቤት አካፍለው ይሆን? ሌላ መድኃኒት፣ ሥር፣ ቅጠል?

እኔ ድልድዩ ጥያቄው እየከበደኝ መጣ። አባባ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይህቺን ሴት አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አሉ። «በዚህ አገር እውነት ስንት ጊዜ ሲነገር ነው እውነት የሚሆነው?»

ጠየቅኩላቸው። ዶክተር ኢሪና ቀላች። ከዚያ ለማለስለስ ብላ፣ ምናልባት አንዳንዴ ይረሱ ይሆናል፣ በዕድሜ ያለ ነው አለች። ይህቺን ሳላሻግራት ገባቸው። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ አመስግነው ወጡ። የጎንደር ሰው አመስግኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ከስድብ ይከፋል።

ቤት ሲደርሱ ደግሞ የባሰ ጠበቃቸው። እማማ ጠጄ አርባ ዓመት አብረው የኖሩትን ባል ሐኪም «ክኒን ይደብቃል» አለችው ሲባል ሰምተው ማንን ይመኑ? ሐኪሟ የተማረች ናት፣ ባል ባል ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ወሬው ደረጃ ለደረጃ ወረደና ግቢው ውስጥ ገባ። አንዱ ፈንታሁን ሥር ይጠጣል አለ። ሌላው ጨመረበት፤ ከጎንደር በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ያስመጣል አለ። ይህቺ የመጨረሻዋ ቀላል እንዳትመስላችሁ። እኛ ወላጆቻችን በክርስትና ያሳደጉን፣ ወደ አያቶቻችን እምነት የተመለስን፣ መመለሳችንን ለማስረዳት ዓመታት የፈጀብን ሰዎች ነን። ለእኛ ቢጤ «ጠበል ያስመጣል» መባል ከጉበት በሽታ ይብሳል። አባባ ፈንታሁን ከምኩራብ ቀሩ። ጸሎታቸውን ቤት ማድረስ ጀመሩ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ማንም ሳያይ። ለሰው ሲሉ ሳይሆን ለራሳቸው ሲሉ።

ልጃቸው ደሳለኝ ይህን ሁሉ ከጦር ሰፈር ለዕረፍት ሲመጣ ሰማ። ልጁ አባቱን የሚወድ ልጅ ነው። የወደደ ደግሞ ልቡ ይደነግጣል። ድንጋጤው አባቱም ላይ ወታደር አደረገው። አለቃውን ለምኖ ለትንሽ ጊዜ ቤቱ እያደረ እንዲያገለግል አስፈቀደና በየጠዋቱ ውኃና ክኒን ይዞ አባቱ ፊት መቆም ጀመረ። አባትየው ይውጣሉ። ከዚያ አፋቸውን ይከፍታሉ። ምላሳቸውን ያነሳሉ። ልጁ ያያል። ስንት ቤት ያስታረቀ አፍ፣ ስንት ነፍሰ ገዳይ እርቅ የለመነበት አፍ፣ ልጅ ፊት ተከፍቶ ይመረመራል። እማማ ጠጄ ያን ሰዓት ማድ ቤት ገብተው ዕቃ ያጥባሉ። የታጠበውንም ደግመው ያጥባሉ።

አባባ ፈንታሁን ለዚህ አንድም ቃል አልመለሱም። ኋላ ሲነግሩኝ፣ «ልጄ ቢጠላኝ ይተወኝ ነበር። ቆሞ የጠበቀኝ ስለወደደኝ ነው ብዬ ቻልኩት» ነበር ያሉኝ።

በዚህ ጥበቃ ሥር ሆነው ደማቸው እንደገና ተመረመረ። ቫይረሱ ጨምሯል።

ደሳለኝ ወታደራዊ ልብሱን እንደለበሰ ዶክተር ኢሪና ዘንድ ገባ። እኔ አላስፈለግኩም፤ እሱ ዕብራይስጡን ከእሷ የበለጠ ይናገረዋል። በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። አባቴ ይውጣል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አፉን አስከፍቼ አይቻለሁ አላት። ይህን ሲል ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዶክተር ኢሪና ብዕሯን አስቀመጠች። ለራሷ የምታወራ ይመስል፣ እንግዲያው የተለወጠው ሰውየው ሳይሆን ቫይረሱ ሊሆን ይችላል አለች። ቫይረስ ሲባዛ ራሱን እየገለበጠ ነው፤ ሲገለብጥ ደግሞ እንደ ደካማ ደብተራ ፊደል ይሳሳታል፤ ከስህተቶቹ አንዷ ክኒኗ እንዳታውቀው ካደረገችው ያ ቫይረስ ይተርፋል፣ ይወልዳል፣ ቤቱን ይወርሳል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ዓይነት ነው። በዚህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች የቫይረሱን ፊደል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብበው የቱ እንደተለወጠ፣ የቱ እንደጎደለ ማወቅ ይችላሉ። የሚያስፈልገው ደም ብቻ ነው።

ብቻ ነው አለች። እኔ ነኝ ሄጄ የምለምነው።

አባባ ፈንታሁን በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «አፌን ያላመነች ደሜን ልታምን?» አሉ።

ደግሞ የደም ነገር ለእኛ ሰው ቁስል ነው። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ወገኖቻችን ለሰው ሕይወት ይሁን ብለው የለገሱት ደም በሽታ አይጠፋበትም ተብሎ ሳይነገራቸው ሲደፋ እንደኖረ የሰማ ጆሮ ሁሉ አልረሳም። እማማ ጠጄ ይህንኑ አነሱ፤ ደማችንን ወስደው ለሚደፉት ምን አስቸኮለህ አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ተረት ብሞክር፣ አባባ ፈንታሁን ሳቅ ሳይሉ፣ «እኔ ምኑን ደበቅኩ? የደበቅኩት ነገር ቢኖር ኖሮ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። ተሸንፌ ወጣሁ። የዚያን ሰሞን ዓይናቸው እንደገና ብጫ መምታት ጀምሮ ነበር፤ ሱሪያቸውም ወገባቸው ላይ መያዝ አቅቶት በገመድ ጠብቋል።

ዶክተር ኢሪና ለላቦራቶሪው ደውላ ነገሩን ስትነግራቸው ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ደሙን ይልኩልናል ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ራሷ መጣች። ስሟ ሊአት ነው። እዚሁ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና አሌፍ ተወልዳ ያደገች፣ ወላጆቿ ከእኛ ቀድመው ከጎንደር የመጡ። ጠጉሯን አስረዝማ ተሠርታ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳ አንግታ አገኘኋት። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ «ብይ»፣ «ነይ»፣ «እቃ አንሺ» ከሚለው አያልፍም። እናቷ በአማርኛ ተናግራት እሷ በዕብራይስጥ ስትመልስ ያደገች ናት። ላስተረጉምልሽ ብላት አይሆንም፣ ይህን ራሴ ነው የምናገረው አለች።

ቁጭ አለችና ጀመረች። ቫይረሱ ውስጥ «ሙታጽያ» ካለ እንይ አለች። ሙታጽያ በዕብራይስጥ የፊደል ለውጥ ማለት ነው። ዕብራይስጥና የእኛ ቋንቋ የአክስት ልጆች ናቸው፤ አንዳንዴ ይረዱሃል፣ አንዳንዴ ጉድ ይሠሩሃል። እማማ ጠጄ የሰሙት «ሙታን» የሚለውን ነው። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ልጅቷ መርዶ ይዛ እንደመጣች አልተጠራጠሩም። እኔ ጣልቃ ገብቼ ሙታን እንዳልሆነ፣ ለውጥ እንደሆነ እስካስረዳ ድረስ ሊአት ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ፊቷን ወደ አባባ ፈንታሁን አዞረች። ቃላቱን እንደ ጠጠር አንድ በአንድ እየለቀመች ነበር።

«አባባ፣ አንተ አትዋሽም። እኔ አምናለሁ። ቫይረሱ ነው የዋሸው። እኔ እሱን መያዝ እፈልጋለሁ።»

አያቷ ሊሆኑ የሚችሉትን ሽማግሌ ልጅቷ «አንተ» አለቻቸው። ደሳለኝ አቀረቀረ። እኔ «አንቱ ማለቷ ነው» ብዬ ላርም አፌን ስከፍት አባባ ፈንታሁን እጃቸውን አነሱብኝ። ፊታቸው ላይ ከወራት በኋላ አንድ ነገር ተፈታ።

«ተዋት» አሉ። «እግዚአብሔርንም አንተ ነው የምንለው።»

ሳቁ። ሲስቁ እማማ ጠጄም ሳቁ፤ ሊአትም ምን እንዳሳቀን ሳታውቅ አብራን ሳቀች። አባባ ፈንታሁን እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ ደሜ ወዴት እንደሚሄድ አብሬው ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ አሉ። እኔ ሕጉ አይፈቅድ ይሆናል ብዬ ሳሰላስል ሊአት «ቤሴዴር» አለች። እሺ ማለት ነው። ይህቺኛዋን ማንም አላስተረጎማትም።

እንዲህ ሆኖ አባባ ፈንታሁን የሰንበት ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የገዛ ደማቸውን ተከትለው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ሊአት ነጭ ካባ አለበሰቻቸው፤ ረዘመባቸው፣ ግን አማረባቸው። ብልቃጡ ስማቸው ተጽፎበት ከሌሎች ብልቃጦች ጎን ሲቀመጥ ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ እሳቸው የማያውቁትን አንድ ነገር አሳየቻቸው። ከትልቁ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ሥር፣ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ የተቀዳ የራሳቸው ደም ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። አሮጌው ቫይረስ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን የሚነበበው በእሱ ነው። አባባ ፈንታሁን ያን ብልቃጥ ደጋግመው አዩት።

«አልደፉትም» አሉኝ በጆሮዬ።

ንባቡ ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ ደሙ አልነበብ ብሎ እንደገና ተሠራ፤ ሊአት ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፤ አባባ ፈንታሁን ሌላ ክንድ አለኝ ብለው ላኩባት። በመካከሉ ሳምንታት አለፉ፤ እሳቸውም ከሣሩ ሥራ ቀርተው አልጋ ላይ መዋል ጀመሩ። በዚያ ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር እማማ ጠጄ ደረታቸውን ይዘው ነበር የሚያነሱት። በመጨረሻ ኑ ተባልን። ደሳለኝ አባቱን ደግፎ ደረጃውን አወረዳቸውና ሦስታችን ሄድን።

ሊአት ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠችን። መስታወቱ ላይ በአራት ቀለም የተሠሩ ጉብታዎች ተደርድረዋል፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። እያንዳንዱ ጉብታ አንድ ፊደል ነው፤ ቫይረስ ያሉት ፊደሎች አራት ብቻ ናቸው፤ በአራት ፊደል ይህን ሁሉ ጥፋት ይጽፋል። ከላይ የድሮው ደም፣ ከሥር የአሁኑ። ጣቷን እያስሄደች ወሰደችንና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ከላይ አንድ ቀለም ነበር፤ ከሥር ሌላ ቀለም ሆኗል። ክኒኗ የምትይዘው እዚህ ቦታ ላይ ነበር፤ እጀታው ተለውጧል፤ ስለዚህ አሁን ብትዋጥም ባትዋጥም አንድ ናት አለች። ይህን በዕብራይስጥ ተናግራ ወደ እኔ ዞረች። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ታጠፋለች ብዬ ለአባባ ፈንታሁን እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ ምሳሌው ራሱ ፊቴ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ይህቺ ልጅ ቤትዎ መጥታ አንተ አላለችዎትም? ከአንቱ የምትለየው አንዲት ፊደል ናት። ቫይረሱም ያደረገው ይህንኑ ነው» አልኳቸው።

አባባ ፈንታሁን ጉብታዎቹን አዩ፤ ሊአትን አዩ። «ታዲያ የእሷ ስህተት ይሻላል» አሉ።

ሌላም ነገር ነበር። ሊአት ትንሽ ወደፊት ሄዳ ከላይ ሞልቶ የነበረው ከሥር ባዶ የሆነበትን አሳየችን። እዚያ ቦታ ቫይረሱ ከገዛ አካሉ ቁራጭ ጥሎ ሄዷል። እንሽላሊት ሲይዟት ጭራዋን ጥላ እንደምታመልጠው ነው አልኩ። ሊአት ግን ይህን ስትናገር አልሳቀችም። እንዲህ የጎደለው ቫይረስ ጉበት ላይ ክፉ ነገር የማብቀል አመል አለው፤ አሁን ምንም አልበቀለም፣ ግን ከእንግዲህ ጉበታቸው በየጊዜው በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፣ የሚበቅል ነገር ካለ በትንሽነቱ እንዲያዝ አለች። አሻገርኩ። ይህቺን ሳሻግር ድልድዩ ተንቀጠቀጠ። አባባ ፈንታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠላቱን ያወቀ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል አሉ፤ ተረት ይሁን እሳቸው ያሉት አላውቅም።

ደሳለኝ ከወንበሩ ተነሥቶ የአባቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። ወታደራዊ ልብሱን እንደለበሰ፣ በእነዚያ መሣሪያዎች ሁሉ መካከል። ሊአት የታመመ መስሏት ውኃ ልታመጣ ሮጠች። እኛ አገር ይቅርታ እንዲህ እንደሚጠየቅ አታውቅም ነበር። አባባ ፈንታሁን ልጃቸውን በትከሻው ይዘው አነሡት።

«አንተ ቆመህ ባትጠብቀኝ ማን ይመሰክርልኝ ነበር?» አሉት። «ሂድ፣ ልብስህን አራግፍ።»

በማግስቱ ዶክተር ኢሪና ዘንድ ቀረብን። ውጤቱን ቀድማ አንብባዋለች። አዲስ ክኒን ጨምራ አዘዘች፤ ይህቺ የተለወጠውንም ቫይረስ ትይዘዋለች አለች። ለእማማ ጠጄና ለደሳለኝም ምርመራ አደረገች፣ ደሳለኝ ክትባት ተወጋ። ከዚያ ሁሉንም ጨርሳ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገች። ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበርና እኔም ምን ልታደርግ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ከወንበሯ ተነሣች፤ አባባ ፈንታሁንን ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ጻዳቅታ» አለች።

በዕብራይስጥ «ልክ ነበርክ» ማለት ነው። ላሻግር አፌን ስከፍት አባባ ፈንታሁን ቀድመውኝ አሻግረው ነበር። የሰሙት «ጻድቅ» የሚለውን ነው። ደነገጡ። ሁለት እጃቸውን አወዛወዙ።

«ኧረ ጻድቅስ አይደለሁም በላት» አሉኝ። «ክኒኔን ብቻ ነው የዋጥኩት።»

ቃል በቃል አሻገርኩላት። ዶክተር ኢሪና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ዓይኗንም ጠረገች፤ አላየሁም አልኩ።

አዲሷ ክኒን ሥራዋን ሠራች። ቫይረሱ በወራት ውስጥ ወረደ፤ የአባባ ፈንታሁን ዓይን ነጣ፤ ገመዱም ከሱሪያቸው ወለቀ። ምኩራብ ተመለሱ። የጠበሉን ወሬ ያወራው ሰው ራሱ ወንበር ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም ተቀመጡለት። ወሬው አሁንም ደረጃ ለደረጃ ወረደ፤ አሁን ግን በሌላ ልብስ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሰው ደም አንብቦ እውነቱን የሚያወጣ መሣሪያ አለ ተባለ። እኔ ዘንድ የሚመጣው በሽተኛ በዛ። አንዱ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤቱ ጋር በውኃ መፍሰስ የተጣላ ነው፤ ቧንቧውን የሰበረው እኔ እንዳልሆንኩ ደሜን አስነብብልኝ አለኝ። አንዲት ሴት ደግሞ የራሷን ሳይሆን የባሏን ደም ይዤ ልምጣ ወይ አለችኝ። ምን ልታውቅ እንደፈለገች አልጠየቅኳትም። አንዳንድ ወንዝ ላይ ድልድይ አይሠራም።

ሊአት እነ አባባ ፈንታሁን ቤት ቤተኛ ሆነች። አማርኛዋም ትንሽ ትንሽ እየተስተካከለ ነው። ባለፈው አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ እኔም እዚያው ነበርኩ። እማማ ጠጄ የሰንበቱን ዳቦ ሸፍነው አስቀምጠው ከሊአት ጎን ተቀመጡ። እህት አለቻቸው፤ የአንድ እናት ልጅ። እነሱ ሲመጡ እሷ ቀረች፤ ዘርሽ አልተረጋገጠም ተብላ እስከ ዛሬ ጎንደር ውስጥ በኪራይ ቤት ተራ ትጠብቃለች። እማማ ጠጄ ይህን ሁሉ አላወሩም። የሊአትን እጅ ይዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፤ ይህ መሣሪያችሁ ዘርም ያነብ ይሆን አሏት።

ሊአት «ዘር» የምትለዋን ቃል አላወቀቻትም። አሻገርኩላት። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ ወደ እኔ እያየች፣ እኛ የምናነበው ቫይረስ ብቻ ነው በልልኝ አለች።

ለእማማ ጠጄ ነገርኳቸው። የሚከፋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የልጅቷን እጅ ሳይለቁ ትንሽ አሰቡበት።

«ይሁን» አሉ። «ከትንሹ ጀምረዋል ማለት ነው። ቫይረስን አንብበው ካመኑ፣ ሰውንም ማመናቸው አይቀርም።»